ጨረቃዋን ያልቆጠረ ስሌት

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፣

ሰሞኑን ፒያሳ ሻይ ቡና ስንል አንዲት የፊዚክስ ተማሪ «ጋሼ፣ ቴሌስኮፑ ካለ ዝም ብሎ ማንሳት አይሻልም? በኮምፒውተር የውሸት ምልከታ መሥራት ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። እቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ውጭ አገር ስማር ነው። ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ፈንድቶ (ሱፐርኖቫ ይሉታል)፣ ብርሃኑን በስፔክትሮግራፍ፣ ማለትም ብርሃንን በየቀለሙ በሚለይ መሣሪያ፣ እንድናጠና የአንድ ሌሊት የቴሌስኮፕ ጊዜ ተሰጠን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ግን ጨረቃዋ ሞልታለች፣ ከጋላክሲውም ብዙ አትርቅም። «መጀመሪያ ሲሙሌሽኑን ላሂደው?» አልኩት የቡድናችንን መሪ፤ ተማሪዋ የውሸት ምልከታ ያለችውን ማለቴ ነው። «20 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ስንቴ ሠርቼዋለሁ» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። በእጁ ዝም አሰኘኝና ቴሌስኮፑን ወደሚቀጥለው ኮከብ አዞረው። ጠዋት ዳታውን ስንከፍት የሱፐርኖቫው ሰማያዊ ብርሃን በጨረቃዋ ብርሃን ተውጧል። ሱፐርኖቫ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፣ በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል። ሌላ ሌሊት እስክናገኝ አለፈ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ እንደ ዝናብ ጠብታ ናቸው፣ በወረፋ አይመጡም። ከኮከቡ 10,000 ፎቶን ብትለቅሙ ኖይዙ (ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ የሚዋልልበት) የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ 100 ያህል ነው፣ ከመቶ 1 ማለት ነው። 100 ብቻ ብትለቅሙ ግን 10፣ ከመቶ 10 ይሆናል። ስለዚህ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ 4 እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። የሲሙሌሽኑ ሶፍትዌር የኮከቡን ድምቀት ይዞ አየሩ የሚውጠውን፣ የመስታወቱን ስፋት፣ ፊልተሩንና ካሜራው ስንቱን ፎቶን እንደሚይዝ ያሰላል። በዚያ ላይ የሰማዩን ብርሃንና ካሜራው ሲነበብ የሚፈጥረውን ኖይዝ ይጨምራል። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን ከ10 እጥፍ በላይ ልታደምቀው ትችላለች። ከሰማዩ ለደበዘዘ ነገር ጊዜውም በዚያው ልክ ይረዝማል። በ10 እጥፍ ብንይዘው እንኳ 20 ደቂቃው 3 ሰዓት ከ20 ይሆናል።

ጊዜውን መከፋፈልም አለ። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 (እንደ ፈረንጆቹ) ዲፕ ፊልድ የተባለውን ፎቶ ሲያነሳ 10 ቀን ያህል አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ 342 ኤክስፖዠር፣ ማለትም ለየብቻ የተነሱ ምስሎች፣ ወሰደ። አንዱ በኮስሚክ ሬይ (ከጠፈር በሚመጣ ፈጣን ቅንጣት) ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። በጣም ከቆራረጣችሁት ግን የንባብ ኖይዙ ይደራረባል።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሲወጣ ምን እንደገባበት ሳታዩ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ያ መሪ ልምዱን እንዳመነው እናንተም ኮምፒውተሩን ታምናላችሁ። ሶፍትዌሩን እመኑ እያልኩ አትመኑት ማለቴ ነው፣ ሁለቱም እውነት ነው። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ የምልከታ ጊዜ ማስሊያ ካልኩሌተር የሚያስበው የቺሌን ጨለማ ሰማይ ነው። የጄምስ ዌብ ደግሞ ጠፈር ላይ ላለ ቴሌስኮፕ ነው፣ አየር የለበትም። ጦሳ ተራራ ላይ የሚቆለለውን ደመና ማን ነገራቸው? የኮምቦልቻን የፋብሪካ መብራትስ?

ስለዚህ አብሽሩ፣ የራሳችሁን ጻፉ። ቀመሩ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ድምቀቱ የታወቀ ኮከብ ምረጡ፣ አስሉ፣ ከዚያ በካምፓሱ ካሜራ አንስታችሁ አስተያዩት። ለእኔ ስትልኩልኝ ታዲያ መልሱን ብቻ አትላኩ። ያስገባችሁትን ሁሉ፣ የጨረቃዋን ቀንና ከኮከቡ ያላትን ርቀት ጭምር ላኩልኝ።