ከክፍሉ ስትወጡ ማን አለ?

የተወደዳችሁ ወጣት አማካሪዎች፣

ሰሞኑን ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት ልጅ ልታማክረኝ መጣች። ሁለት የግል የሥነ ልቦና ምክር ማዕከላት ሊቀጥሯት ፈልገዋል። የአንደኛው ክፍያ ከሌላው በደንብ ይበልጣል። «የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። እኔም «ከባድ ቀን ገጥሞሽ ከምክር ክፍሉ ስትወጪ ማንን ታገኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ሁለቱም ጋ ይህን አልጠየቀችም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእሷ ዝምታ ነው።

እኔም በጊዜዬ አልጠየቅኩም። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ማዕከል ሲያዩት ያምር ነበር። ቢሮው ጸጥ ያለ፣ ወንበሩ ምቹ፣ ቀጠሮው ሙሉ። በሁለተኛው ሳምንት በቀን ሰባት ሰው ማየት ጀመርኩ። ወር ከመንፈቅ ሳይሞላኝ አንድ ተገልጋይ ከእንግዲህ መኖር እንደማይፈልግ ነገረኝ። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የእሱ ነው። አብሬው ቆየሁ፣ በፈቃዱ ቤተሰቡን ጠራሁ፣ ይዘውት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እሱ ተረፈ። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የኃላፊውን በር አንኳኳሁ። «ቀጣዩ ሰው እየጠበቀህ ነው» አለኝ። ገባሁ። የዚያን የቀጣዩን ሰው ታሪክ ዛሬ አንዲት ቃል አላስታውስም፤ ፊቱ ተቀምጬ አላዳመጥኩትማ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ስትገቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ ስለ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ነባር ባለሙያ ሥራችሁን እየተከታተለ ስለሚመክርበት ጊዜ፣ ጠይቁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 በርሊን ውስጥ የተከፈተው የሥነ ልቦና ትንተና ክሊኒክ ጀማሪዎች የያዙትን ሰው ጉዳይ ከነባር ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለው እንዲመክሩበት ያደርግ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም «እዚህ በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» ብቻ የሚል ማዕከል ከገጠማችሁ ጠርጥሩ። ክፍት በር ቀጠሮ አይደለም። ማን ነው ሱፐርቫይዘሩ? በየስንት ጊዜ? ለብቻ ነው በቡድን? ሰዓቱ እንደ ሥራ ይቆጠራል ወይስ ከምሳችሁ ላይ ይቀነሳል? የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በሱፐርቪዥን የተሠራ ሰዓት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ የሚፈርምላችሁ ሰው ፈቃድ ሰጪው አካል የሚቀበለው መሆኑን በጽሑፍ ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሱፐርቫይዘራችሁ ደመወዛችሁን የሚወስነው ሰው ራሱ ከሆነ፣ ስህተታችሁን ትደብቁታላችሁ። ክፉ ስለሆናችሁ ሳይሆን ሰው ስለሆናችሁ። «ዛሬ ተናድጄበት ነበር»፣ «ዛሬ ምን እንደምለው ጠፋኝ» የምትሉት ሰው እንጀራችሁን በእጁ ያልያዘ ቢሆን ይመረጣል። ማዕከሉ ትንሽ ሆኖ ሌላ ሰው ከሌለው፣ ከውጭ ሱፐርቫይዘር ያመጣላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጥሎ የሰው ብዛት አለ። አንድ ክፍለ ጊዜ በተለምዶ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረችው 10 ደቂቃ ትርፍ ጊዜ አይደለችም። ማስታወሻ ይጻፍባታል፣ ውሃ ይጠጣባታል፣ የወጣው ሰው ከልባችሁ ቀስ ብሎ ይወጣባታል። ለጀማሪ በቀን አምስት ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 በርንአውት ስለሚባለው የሥራ መዛል ሲጽፍ፣ ይበልጥ የሚጋለጡት ለሥራው ራሳቸውን የሰጡ ሰዎች መሆናቸውን ገልጿል። ይህን የማነሳው ብዙዎቻችሁ እንደዚያ ስለሆናችሁ ነው። «እችላለሁ» ማለት ትወዳላችሁ። «እችላለሁ» ስላላችሁ ብቻ የሚጭንባችሁ ቦታ አትሂዱ።

ተገልጋዮችን ማን እንደሚመድብላችሁም እወቁ። ባለሙያ ነው ወይስ ስልክ የሚያነሳው ሰው ክፍት ሰዓት አይቶ የሚሞላው? «ይህ ጉዳይ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ስትሉ ሰውየው ወደ ሌላ ባለሙያ ይላካል ወይስ ገቢው እንዳይቀር «ሞክሪው፣ ሞክረው» ትባላላችሁ? የዚህን መልስ ኃላፊው በደንብ ላይነግራችሁ ይችላል። እዚያ የሚሠራ አማካሪ፣ ቢቻል ደግሞ የለቀቀ አማካሪ ፈልጋችሁ አናግሩ።

ውሉን ሳትቸኩሉ አንብቡ። ክፍያችሁ ተገልጋዩ ከሚከፍለው ላይ በፐርሰንት ከሆነ፣ ሰው ቀጠሮ ቢያስቀር ኪሳራው የማን ነው? ማስታወሻ የምትጽፉበት ሰዓት ይከፈላል? ከለቀቃችሁ በኋላ በአካባቢው እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ አለ? ከሁሉ በላይ፣ በለቀቃችሁ ቀን ተገልጋዮቻችሁ ምን ይባላሉ? አንዳንድ ቦታ አማካሪው በድንገት «የለም» ይባልና ሰዎቹ ስንብት እንኳ ሳያገኙ ለሌላ ይሰጣሉ። ቀድሞም በሰው መተው የተጎዳ ሰው ላይ ይህን ማድረግ ከባድ በደል ነው። ስንብት የሚፈቅድ፣ ከማን ጋር መቀጠል እንደሚፈልጉ ራሳቸውን የሚጠይቅ ማዕከል ምረጡ።

ክፍያው ይቅር እያልኩ አይደለም። የቤት ኪራይ እያስጨነቀው ሰው በደንብ ማዳመጥ አይችልም፤ የምትኖሩበትን ያህል መጠየቅ መብታችሁ ነው። ግን በሆዳችሁ የያዛችሁትን የምታራግፉበት ሰው ከሌለ፣ ያ ሸክም ከእናንተ ጋር ቤት ይገባል። ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ሌሊት ይቀሰቅሳችኋል። እኔ ብዙ ጎበዝ ጓደኞቼ በዚህ ምክንያት ሙያውን ሲተዉ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም።

ልጅቷ ተመልሳ ሁለቱንም ጠየቀቻቸው። አንደኛው «አይዞሽ፣ ስትጀምሪ ታዪዋለሽ» አላት። ሌላኛው የሱፐርቫይዘሯን ስም ነገራት፤ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው አላት፤ ከመወሰኗ በፊት መጥታ እንድትተዋወቃትም ጋበዛት። ክፍያው ዝቅ ያለው እሱ ነው። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።