ክኒን መፍጨትና ዱቄት መበጥበጥ፦ ለኮምቦልቻዋ እህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽ ሦስት ነው፦ እናትሽ የግፊት ክኒናቸውን መዋጥ ስላቃታቸው ፈጭቶ መስጠት ይቻላል ወይ? የልጅሽ የዱቄት አሞክሳሲሊን (አንቲባዮቲክ) እንዴት ይበጠበጣል? ለተቅማጡ የተሰጠው ዚንክ ከክኒን ይልቅ በሽሮፕ ቢሆን አይሻልም ወይ? ከሚያሰጋው ልጀምር።

ማሸጊያው ላይ «ኒፌዲፒን 20 ሚ.ግ ሪታርድ» ይላል ብለሻል። እሱን አትፍጪው፣ ለሁለትም አትክፈይው። ከስሙ ቀጥሎ «ሪታርድ»፣ «ኤስአር» ወይም «ኤክስአር» የሚል ያለበት ክኒን መድኃኒቱን በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ሲፈጭ የግማሽ ቀኑ ሁሉ ባንዴ ደም ውስጥ ይገባል። ግፊት ድንገት ይወርዳል፣ ራስ ያዞራል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ተነስቶ ሲራመድ ይወድቃል። ቀጣዩ ሰዓት ከመድረሱ በፊት መድኃኒቱ ያልቅና ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ክኒኑን ይዘሽ ሐኪማቸው ዘንድ ሂጂ። ሌላ የግፊት መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችላል፦ እንደ አምሎዲፒን ያለው ራሱ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆይ መድኃኒት ስለሆነ የሚሠራው በተራ ክኒን ነው፤ ቢፈጭም ጠባዩ አይለወጥም። መቀየሩ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው፤ እናንተም በራሳችሁ አታቋርጡት። አንድ ነገር ልብ በይ፦ መዋጥ ያቃታቸው በድንገት ከሆነ፣ በተለይ አፍ መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ ወይም የአንድ ወገን እጅ መዛል ካለበት፣ ነገሩ የክኒን ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለጨጓራ የሚወስዱት ኦሜፕራዞልም እንዲሁ አይፈጭም፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሻቸው የተለበጡ ናቸው። ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን በትንሽ ብርቱካን ጭማቂ ወዲያው መጠጣት ይቻላል፤ ማኘክም በወተት መውሰድም ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃውን አፍልተሽ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዢው፤ በሙቁ ከበጠበጥሽው መድኃኒቱ ይጎዳል። ጠርሙሱን ሳትከፍቺ በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው፣ ከታች የተጋገረው ዱቄት እንዲላቀቅ። መጀመሪያ ከሚያስፈልገው ውሃ ግማሽ ያህሉን ጨምረሽ፣ ከድነሽ በደንብ ነቅንቂው። አረፋው እስኪጠፋ ጠብቂና የቀረውን እስከ ምልክቱ ድረስ ሙዪው፤ ምልክቱ ጠርሙሱ ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ አለ። እንደገና ነቅንቂው። ውሃው ሁሉ ባንዴ ከተጨመረ ዱቄቱ ሥር ላይ እንደ ጭቃ ይቀራል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ውሃ ይጠጣል፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ከልክ በላይ ይወስዳል። ሁልጊዜ ከመስጠትሽ በፊት መነቅነቅ ያለበትም ለዚሁ ነው። ካላመንሽበት ፋርማሲው እዚያው እንዲበጠብጥልሽ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ልኩን በሻይ ማንኪያ አትለኪ፤ የየቤቱ ማንኪያ ይለያያል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ሲሲ ማለት 5 ሲሲ ነው። ቀስ እያልሽ ወደ ጉንጩ ጎን አስገቢለት፤ ወደ ጉሮሮው ከተረጨ ትን ይለዋል። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሲሲ 125 ሚ.ግ ወይስ 250 ሚ.ግ እንደሚል ደግሞ አንብቢ። ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ፣ በአንዱ 5 ሲሲ ያለው መድኃኒት የሌላው እጥፍ ነው። ባለፈው የተሰጠሽ 125 ከነበረና አሁን 250 ከሆነ፣ የድሮውን ልክ መድገም እጥፍ መስጠት ነው።

የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ከፍሪጅ ውጭ 7 ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ይቆያል፤ ወረቀቱ ሌላ ካለ ወረቀቱን ተከተዪ። ኦግመንቲን (አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለበት) ከሆነ ግን ፍሪጅ ግድ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃልና ፍሪጅ ካለሽ አሞክሳሲሊኑንም እዚያው አስቀምጪው። ከሌለሽ ከምድጃና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቂው። የተረፈውን ለሚቀጥለው ጉንፋን አታስቀምጪ።

ዚንኩ የተሠራው ሊሟሟ ነው፤ ሽሮፕ አያስፈልግሽም። አንዴ ከተከፈተ የሚበላሽ ጠርሙስ የለም፣ የልኬት ስህተትም የለም። ማንኪያ ላይ ንጹሕ ውሃ ወይም የእናት ጡት ወተት አድርገሽ ክኒኑን ጣይበት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይሟሟል። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ 20 ሚ.ግ፣ ከዚያ በታች ግማሹ፣ በቀን አንዴ ለ10 ቀን። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም አታቋርጪ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ድገሚለት። ኦአርኤሱን (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ድፊው።

ለልጁ ከሽሮፕ «መርፌ ይሻላል» ብለህ የጻፍክልን ወንድም፣ መርፌ የሚመረጠው ልጁ ሁሉን ሲያስመልስ፣ መጠጣት ሲያቅተው ወይም ሕመሙ ሲከፋ ነው። አሞክሳሲሊን በአፍም በደንብ ይሰርጋል፤ የሚውጥን ልጅ መውጋት ሕመም ከመጨመር በቀር ትርፍ የለውም።

ኢንሱሊን ይዛ ወደ ሞቃቷ ባቲ ስትወርድ እንዴት እንደምታቆየው ለጠየቀችው እህትም በአጭሩ፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ የከፈትሽው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ሚኒባሱ ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጪው። በረዶ ይዘሽ ከሆነ ኢንሱሊኑን በጨርቅ ጠቅልለሽ ከበረዶው ለዪው፤ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ደህና ቢመስልም ይጣላል።