የመደብ አንድነት ከየት ይጀምራል? ለወጣት የሠራተኛ አደራጆች

ውድ ወጣቶች፣

ሶሻሊስት ነን የምትሉና በየፋብሪካው፣ በየሆቴሉና በየግንባታ ሥፍራው ሠራተኛን ለማደራጀት የምትደክሙ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሡብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሠራተኛው በብሔርና በሃይማኖት ተከፋፍሎ እርስ በርሱ በጎሪጥ በሚተያይበት በዚህ ዘመን ስለ መደብ አንድነት መናገር ትርጉም አለው ወይ የሚል ነው። ዕድሜዬን በሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃነትና በማኅበራት አማካሪነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የምመልስላችሁም ከዚያው ከማውቀው ነገር ተነሥቼ ነው። ሠራተኛውን ብሔርህን እርሳ፣ ሃይማኖትህን ወደ ጎን አድርግ በማለት አንድነት ሲመጣ አላየሁም። አንድነት ሲመጣ ያየሁት ከሁሉ ይልቅ የተገፋው ክፍል የተለየ በደል የሁሉም ጥያቄ ሆኖ ለአሠሪው ሲቀርብ ነው።

ወንጂን ተመልከቱ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር በአንድ እርሻ ውስጥ የተገናኙት ሰዎች ከአንድ ዓለም የመጡ አልነበሩም። የአካባቢው ኦሮሞ የግጦሽ መሬቱን አጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቀረ፤ አገዳ ቆራጩ በአብዛኛው ከካምባታና ከሀዲያ በየወቅቱ የሚመጣ ድኻ ገበሬ ነበር፤ የጽሕፈትና የቴክኒክ ሥራው ደግሞ ትምህርት ቤት ለገባና አማርኛ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው የተተወ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሆላንድ ሥራ አስኪያጆች ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለው ሥፍራ ላይ ቆማችሁ «እኛ ሁላችን ሠራተኞች ነን» ብትሉ የተናገራችሁት እውነት ነው፤ ነገር ግን ለቆራጩ ምንም አልነገራችሁትም። እሱ የሚያውቀው ቋሚ አለመሆኑን፣ ወቅቱ ሲያልፍ መባረሩን፣ ካቦው የሚጮኽበት በሌላ ሰው ቋንቋ መሆኑን ነው። መደቡንና ብሔሩን የሚኖረው በአንድ ላይ ነው እንጂ ለየብቻ አይደለም።

ሕጉም ይህንኑ ክፍፍል አጸና። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ሲመሠረትና በ1956 ዓ.ም. የሥራ ግንኙነት አዋጁ ሲጸድቅ ትልቅ ድል ነበር፤ ይሁን እንጂ የቤት ሠራተኛውና አብዛኛው የገጠር ላብ አደር ከማኅበር ጥላ ውጭ ቀሩ። የቀሩት እነማን እንደነበሩ ስታጣሩ ሴቶች፣ ከደቡብ የመጡ ወቅታዊ ሠራተኞችና ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች መሆናቸውን ታገኛላችሁ። እንግዲህ በማንነት የተገፋውንና በሥራ ውሉ የተገፋውን ለየብቻ ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ያንኑ ሰው ነው።

በኔ ወጣትነት በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገው ክርክር ጉሮሮ የሚያደርቅ ነበር። አንዱ ወገን ብሔራዊ ጭቆና የመደብ ጭቆና ጥላ ነው፣ መደቡ ሲፈታ በራሱ ይፈታል አለ፤ ሌላው መጀመሪያ ብሔሬ ነጻ ይውጣ፣ የመደቡን በኋላ እናየዋለን አለ። የተማሪዎች ንቅናቄ አባል የነበረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች ልሳን ላይ የጻፈው ጽሑፍ የብሔረሰቦችን ጭቆና ከሶሻሊዝም ትግል ጋር አያይዞ ያቀረበ ነበር፤ ዛሬ ግን ወዳጁም ጠላቱም የሚጠቅሱለት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። በዚህ ላይ መነታረክ ከፈለጋችሁ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ አጭር ነው።

ከዚያ ሁሉ ክርክር ይልቅ ብዙ ያስተማረን በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ይዘውት የወጡት ሦስት ቃል የማይሞላ መፈክር ነው። «መሬት ለአራሹ» ብሔርም ሃይማኖትም አይጠራም። ነገር ግን በደቡብ የሀገሪቱ ክፍል ባለመሬቱና ጭሰኛው በአብዛኛው በቋንቋም በዘርም የተለያዩ ስለነበሩ ይህ የመደብ ጥያቄ ለኦሮሞው፣ ለሲዳማው፣ ለወላይታው ጭሰኛ በዚያው ቅጽበት የብሔር ነጻነት ጥያቄም ነበር፤ ከሰሜን ሄዶ በሰው መሬት ላይ ለሚያርሰው ድኻ ደግሞ የእንጀራ ጥያቄ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ የብሔር ጭቆናው ቁሳዊ መሠረት ከየትኛውም መግለጫ በላይ ተናጋ። አዋጁን ያወጣው ደርግ በኋላ ምን እንዳደረገ አላጣሁትም፤ እኔ የምናገረው ስለ ጥያቄው አመራረጥ ነው። ሁለቱ ጭቆናዎች የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ መቆም ስትራቴጂ ይባላል።

የ1966ን ዓመትም በዚህ መነጽር እዩት። ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን በኢሠአማ ጥሪ በተደረገው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ነበር፤ ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚነካው ቋሚ ያልሆነውን ነው፣ ተሸክመው የወጡት ግን ቋሚዎቹም ጭምር ናቸው። ከዚያ ሚያዝያ 12 ቀን እጅግ ብዙ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጥተው ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻቸውም እንዲከበሩ ሲጠይቁ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። እነዚያ ክርስቲያኖች ሙስሊሙን «የኃይማኖት ጥያቄህን ተውና የጋራ ትግላችንን እናስቀድም» አላሉትም። ጥያቄው የጋራ ትግሉ አካል መሆኑን በእግራቸው መሰከሩ፤ የሙስሊም በዓላትም በዚያው በለውጡ ዘመን ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው አንድነት ከላይ የወረደ ነበር። ኢሠአማ ፈርሶ በቦታው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተከለ፤ ሠራተኛው አንድ ሆነ ተባለ፣ አንድ የሆነው ግን መጠየቅ ሲከለከል ነው። ይህ ታሪክ በሥርዓት ለውጥ አላበቃም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) መንግሥት ኢኮኖሚውን ወደ ገበያ ለማዞር የያዘውን የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም በመተቸቱ ምዝገባው ተሰረዘ፤ ፕሬዚዳንቱ ዳዊ ኢብራሂምም ኋላ ተሰደዱ። ማኅበሩ ሲዳከም ሠራተኛው ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት የቀረለት በር የብሔር ድርጅት ብቻ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ሠራተኛው በብሔሩ ለምን ተሰባሰበ እያላችሁ ስትቆጡ፣ ሌላውን ቤት ማን እንዳፈረሰው አብራችሁ ጠይቁ።

ስለ ውጭው ዓለም ብዙ አልልም፤ አንድ ምሳሌ ግን ይጠቅማችኋል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ የሚሠሩት ብዙዎቹ የሶማሌና የኢትዮጵያ ስደተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ የመኪና አከራይ ድርጅት የሚሠሩ ሙስሊም ሾፌሮች በጸሎት ሰዓት የተነሣ ከሥራ ሲታገዱ ማኅበሩ ከጎናቸው ቆመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ማኅበራቱ በዚያችው ሲታክ በተባለች ትንሽ ከተማ የሰዓት ክፍያው ወደ 15 ዶላር ከፍ እንዲል ሕዝበ ውሳኔ ሲያስጠሩ በ77 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። በ77 ድምፅ! ስደተኛው ማኅበሩን የራሴ ነው ባይልና ለመመዝገብ ባይወጣ ኖሮ ውጤቱን ገምቱት።

አሁን ወዳላችሁበት ልመለስ። የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሞሉት በአብዛኛው ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ፤ ቋንቋቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው የተለያየ ነው፤ አከራያቸውና የሌሊት ፍርሃታቸው ግን አንድ ነው። በእኔ አስተያየት እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት የቤት ኪራይና የምሽት ትራንስፖርት ነው፤ ደመወዝ ሁለተኛ ይምጣ። ይህን ስል ብዙ የማኅበር መሪዎች ይስቁብኛል። እንደዚያ የምለው ግን የቤት ጥያቄ የመጤና የነባር ጠብ ከሚፈለፈልበት ቦታ ላይ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፤ እናንተ ካላነሣችሁት «ከተማችንን ሞሉት» የሚለው ሰው ያነሣዋል።

የሥራ ሕጉን አዋጅ 1156/2011ን በእጃችሁ ያዙ። ለመሠረታዊ ማኅበር የሚያስፈልገው 10 ሠራተኛ ነው፤ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስን የሚያዘው ድንጋጌም እዚያው ተጽፏል፣ ኢሠማኮም ሕጉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ሳይቀር እየጠየቀበት ነበር። የቤት ሠራተኛው አሁንም ከአዋጁ ውጭ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት እንደነበረው።

በማኅበራችሁ ውስጥ ደግሞ ከትልልቁ ጉዳይ በፊት ትንንሹን አስተካክሉ። ስብሰባው አማርኛ ለማይቀናቸው አባላት ይተርጎም፤ አስተርጓሚውም ከአባላቱ መካከል የተመረጠ ይሁን እንጂ ካቦው አይሁን። የጁምዓ ሶላትና የእሑድ ቅዳሴ በፈረቃ ድልድሉ ላይ በአንድ አንቀጽ ይግቡ፣ ሁለቱ ተነጣጥለው ከቀረቡ አሠሪው አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይነሣል። የሥራ አመራር ኮሚቴውን በብሔር ኮታ አትሙሉት፤ ይልቅ ከየሥራ ክፍሉና ከየፈረቃው ምረጡ፣ ጊዜያዊ ሠራተኞችም የራሳቸው ተወካይ ይኑራቸው፤ ያኔ ስብጥሩ ከሥራው ክፍፍል ጋር አብሮ ይመጣል። የኅብረት ስምምነት ስትደራደሩም በኤጀንሲ የተቀጠሩትን የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሩት። አሠሪው «እነሱ የኔ ሠራተኞች አይደሉም» ይላችኋል፤ ይህን ያለ ጊዜ ቋሚዎቹ ወረቀቱን ሰብስበው ይነሡ፣ ድርድሩም ለሌላ ቀን ይቀጠር።