ሞተረኛና የሚያሳድደው ፖሊስ፦ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ፖሊስ ሲያሳድዳቸው ስለሚሞቱ ሞተረኞች የጠየቃችሁኝን እነሆ። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኬኔዲ ስትሪቱ ልጅ ነገር እንዴት ነበር?

መልስ፦ ኦክቶበር 2020 ነው። የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ያለ ሄልሜት፣ በኪራይ ስኩተር፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ሲነዳ ያዩት ፖሊሶች ሦስት ደቂቃ ያህል በየመንደሩ አሳደዱት። ከጠባብ የጓሮ መንገድ ወጥቶ ኬኔዲ ስትሪት ላይ ብቅ ሲል ቫን ገጨው፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ክፉኛ መጎዳቱን እያወቁ ነገሩን ለአለቆቻቸው አቃለው ነገሩ ተብለው ሁለት ፖሊሶች ተከሰሱ። በ2022 መጨረሻ ጁሪው ሁለቱንም ጥፋተኛ አለ፤ አሳዳጁን ቴረንስ ሳተንን በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጭምር። በ2024 ለሳተን 66 ወር፣ ለአለቃው አንድሩ ዛባቭስኪ 48 ወር ተፈረደ። ጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሁለቱም ምሕረት አደረጉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የሸሸው እሱ አይደል? ፖሊስ ምን አጠፋ?

መልስ፦ መሸሽ ጥፋት ነው፤ ቅጣትም አለው። ሄልሜት ስላላደረገ ብቻ ግን ሰው እየተሳደደ መሞት የለበትም! በወቅቱ የከተማው ፖሊስ መመሪያ ራሱ ለትራፊክ ጥፋት ብቻ ማሳደድን ይከለክል ነበር። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቀበቶም ኤርባግም አለው፤ ሞተረኛን የሚገጨው ነገር በቀጥታ ሰውነቱን ነው የሚያገኘው። ታርጋ መዝግቦ በኋላ ቤቱ ድረስ መሄድ እየተቻለ ማሳደዱ ለእኔ በፍጹም አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ መክሰስ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ በፌዴራል መንገድ ግን ከባድ ነው። በ1990 ሳክራሜንቶ አጠገብ ፖሊስ ሁለት ልጆች የያዘ ሞተር በሰዓት እስከ 100 ማይል እየበረረ አሳደደ። ማሳደዱ የፈጀው 75 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሞተሩ ወደቀ፣ የፖሊስ መኪናው መቆም አቅቶት ከኋላ ተፈናጦ የነበረውን የ16 ዓመት ልጅ ገጭቶ ገደለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998፣ ፖሊሱ ሆን ብሎ ሊጎዳ ካላሰበ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም አለ። በአካባቢ ሕግ የሚቀርብ የካሳ ክስ ሌላ ነው። ዲሲ ውስጥ ከሆነ ለከተማው በጽሑፍ የማሳወቂያው ጊዜ 6 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ከለቅሶው ጎን ለጎን ጠበቃ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሞተር ገዝቷል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ላይሰንስ ባይኖረውም፣ ኢንሹራንሱ ቢያልፍም ይቁም በይው። ፍሬቻ ያሳይ፣ ወደ ቀኝ ይውጣ፣ እጆቹ መሪው ላይ ይታዩ። የቀረው በጠበቃ ያልቃል።