ሻንጣችሁ ውስጥ መስታወት ጨምሩ

አዳማ መጥታችሁ ከተማሪዎች ጋር ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመሥራት ያሰባችሁ ኬሚስቶችና ፊዚሲስቶች፣ ክረምት ላይ አትምጡ። ተማሪውም የለም፣ ፀሐይዋም የለችም። የእኛ ሥራ ደግሞ ከፀሐይ ጋር ነው፦ በብርሃኗ ውሃ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ቁራጭ) መሥራት።

እኔ ከውጭ ስመለስ አንድ ትልቅ መሣሪያ አስጭኜ መጣሁ። አምፖሉ ተቃጠለ፤ ምትኩን ማስመጣት አቃተን። መሣሪያው ዛሬም ጨርቅ ለብሶ ቆሟል።

ስለዚህ በመሣሪያ ሳይሆን በቁሱ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ፉጂሺማና ሆንዳ ውሃ በብርሃን ለመሰንጠቅ የተጠቀሙበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጠንካራ ነው፤ ግን አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ። እኔ የምመርጠው ሄማታይትን ነው። ያው ዝገት በሉት። ርካሽ ነው፣ በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይውጣል።

ጣጣ ግን አለው። ብርሃኑ የሚፈጥራቸው ፖዘቲቭ ቻርጆች ጥቂት ናኖሜትር እንደሄዱ ይጠፋሉ፣ ውሃው ጋ አይደርሱም። ንጣፉን ብታሳሱት ብርሃኑ ያልፈዋል፤ ብታወፍሩት ቻርጁ መንገድ ላይ ይቀራል። መላው እንደ ጤፍ ማሳ ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ቀጫጭን ዘንጎች ማብቀል ነው። ብርሃኑ በቁመታቸው ይገባል፣ ቻርጁ በጎናቸው ይወጣል። ለዚህ የብረት ክሎራይድ፣ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅ ዝግ ዕቃና ፈርነስ (በጣም የሚግል ምድጃ) ይበቃል።

እኔን የሚደንቀኝ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ዘንጎቹ የሚበቅሉበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መስታወት በቲን ኦክሳይድ የተለበጠ ነው። ወደ 800 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ ሲገባ ቲኑ ራሱ ወደ ዝገቱ ይሰርጋል፤ ዝገቱም ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይሻለዋል። ቢቆይ ግን መስታወቱ ይጣመማል። አንድ ቀን ልክ እዚያች ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። የሳምንት ሥራ ገደል ገባ! አሁን ጄኔሬተሩን ሳናስነሳ ፈርነስ አንነካም።

ታዲያ ምን ይዛችሁ ኑ? ይህንኑ መስታወት፣ ቮልቴጁን የምናነጻጽርበት ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ፣ የፀሐይዋን ጉልበት የምንለካበት ካሊብሬት የተደረገ ትንሽ የሲሊከን ሴል። ከተቻለ ቮልቴጁን እየተቆጣጠረ ከረንቱን የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ ፖቴንሺዮስታት። ለጉምሩክ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ሳትሳፈሩ በፊት አስልኩ፤ ቦሌ ላይ ቆሞ ስልክ መደወል አያዋጣም።

መስታወቱን በሹራብ ጠቅልሉት። አዳማ ላይ ሹራቡ ለሌላ አይሆናችሁም።