ጥያቄና መልስ፦ ሱዛን ሸርዊን፣ ፌሚኒዝምና የሆስፒታሉ አልጋ

መምህርት፦ ሰላም ለሁላችሁ። በገባሁት ቃል መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ካናዳዊቷ ፈላስፋ ስለ ሱዛን ሸርዊን የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ለአዲሶች፦ የምኖረው ደሴ ነው፤ ለዓመታት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ አሁን የጤና ተማሪዎችን የሙያ ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። አራቱን የሕክምና ሥነ ምግባር መርሆች (ራስን በራስ መወሰን፣ መጥቀም፣ አለመጉዳት፣ ፍትሕ) ባለፈው ስላየናቸው አልደግማቸውም። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ማሳሰቢያ፦ የታካሚ ጉዳይ ስታነሡ ስም፣ ሰፈርና ቀን አትጻፉ። «ሆጤ የምትኖር አስተማሪ» ካላችሁ ግማሹ ደሴ አወቃት ማለት ነው።

የጦሳ ልጅ፦ መምህርት፣ ሴትዮዋ ሐኪም ናቸው? ፍልስፍና የተማረ ሰው ሆስፒታል ምን ያደርጋል?

መምህርት፦ ሐኪም አይደለችም። ስታንፎርድ ፍልስፍና ተምራ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሃሊፋክስ በሚገኘው በዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች፤ የሥራ ዘመኗም እዚያው አለፈ። ያን ጊዜ ባዮኤቲክስ፣ ማለትም የሕክምናና የምርምር ሥነ ምግባር ጥናት፣ ገና ለጋ ነበር። ሁለቱ የአሜሪካ የጥናት ተቋማት፣ የሄስቲንግስ ማዕከል በ1969፣ የጆርጅታውኑ የኬኔዲ ተቋም በ1971 ነው የተቋቋሙት። በ1972 እዚያው አሜሪካ የተስኪጊ ጉድ ወጣ፤ ከ1932 ጀምሮ ቂጥኝ የያዛቸው ድሃ ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ «ሲጠኑ» ኖረዋል። በ1979 በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የሚናገረው የቤልሞንት ሪፖርትና የአራቱ መርሆች መጽሐፍ ወጡ። የሁሉም ጥያቄ ባጭሩ «ሐኪም ታካሚን ምን ማድረግ ይፈቀድለታል?» የሚል ነበር።

ሸርዊን ዓይኗን ያሳረፈችው ሌላ ቦታ ነው። አልጋው ላይ የተኛችው ማን ናት? ወደዚያ ያደረሳት ምንድን ነው? ስለ እሷ የሚወስኑትስ እነማን ናቸው? በ1992 ባሳተመችው ዋና መጽሐፏ ሕክምናው ራሱ የሴቶች ጭቆና ተካፋይ ነው ብላ ተከራከረች። እርግዝናውም፣ የወር አበባ መቋረጡም እንደ በሽታ ይታያል፤ የሥልጣን መሰላሉ ከላይ ሐኪም፣ ከሥር ነርስ፣ ከሁሉም ሥር ታካሚዋ ናት። ምርምሩንም እዩት። ከ1977 ጀምሮ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመድኃኒት ሙከራ የመጀመሪያ ደረጃዎች እንዲወጡ አደረገ፤ መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። መድኃኒቱን ግን ሴቶቹም ይውጡት ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ ስለ ፌሚኒዝም ትንሽ ቢያብራሩልን።

መምህርት፦ ምኑን? ጥያቄውን አጥብበህ ተመለስ።

ነርስ ከገራዶ፦ እትዬ፣ ከገጠር ሪፈር ተብላ የመጣች እናት በኦፕሬሽን መውለድ አለባት ሲባል ቅጹ ለባልየው ይሰጣል። ባል ከሌለ ለዋርሳዋ ወይም ለአማቷ። እሷ ምጥ ላይ ናት፤ ማንም አይጠይቃት። እኔ ልጠይቃት ስል «እነሱ ያውቃሉ» አለችኝ። ይህ ፈቃድ ነው?

መምህርት፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኸውልሽ። አዋቂ እስከሆነችና አእምሮዋን እስካልሳተች ድረስ ፈቃዱ የእሷ ነው። ምጥ አፍ አይዘጋም። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ አራቱን መርሆች የሸመደደ ተማሪም ይመልሰዋል።

የሚከብደው «እነሱ ያውቃሉ» ያለችሽ ነው። ሸርዊን በ1998 ባወጣችው ጽሑፍ ራስን በራስ የመወሰን ችሎታ ሰው ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ የሚያድግ ወይም የሚቀጭጭ ነው ትላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ተብላ የማታውቅን ሴት፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ድንገት ወስኚ ማለት ጭካኔ ሊሆን ይችላል። ከዚያም አንድ ልዩነት ታሳያለች። ሴትየዋ ካሉት መንገዶች የሚያዋጣትን መርጣ ይሆናል፤ ባሏን ብታስቀይም ነገ የት ትገባለች? ይህ ምርጫ አስተዋይነት ነው፤ ሞኝ ናት እንዳትይ። መንገዶቹን ያጠበባት ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ ግን ራሷን በራሷ ወሰነች አይባልም።

ዘመድ ሁሉ ጫና ነው ማለቴም አይደለም። ወሎ ውስጥ የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ዱበርቲዎች ቡና አፍልተው ዱዓ ያደርጉላታል። እነዚያ እናቶች አጠገቧ ቢሆኑ «ፈራሁ፣ አስረዱኝ» ለማለት አቅም ታገኛለች። በእኛ አሠራር ግን ወረቀቱን የያዘው ወንድ አስታማሚ ይገባል፤ አቅም የሚሆኗት ሴቶች ጥበቃ በር ላይ ይቀራሉ።

ሰኞ ገበያ፦ እንግዲያው ሴቷ ብቻዋን ትወስን ነው የሚሉት? ቤተሰብ ይፈርሳል።

መምህርት፦ አላልኩም። ብቻዋን ትወስን አላልኩም።

ቦርከና፦ ለዚህ ካናዳ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ በሐተታው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሏል። በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት እርኩስ ማለትንም ነቅፏል።

የጦሳ ልጅ፦ ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚሉ አሉ እኮ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ አንዱ ነው።

ቦርከና፦ የኢትዮጵያን ፍልስፍና ያጠናው ክሎድ ሰምነር መልስ ሰጥቶበታል። አንብብ።

የጦሳ ልጅ፦ አንብቤ ነው የምናገረው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ቦርከና፦ የራሳችን የሆነ ነገር ሲገኝ ሁሌ ክርክር አለበት ትላላችሁ።

መምህርት፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ፤ ይህ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል። ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ከተባለ በኋላም ገራዶ ያለችው ነርስ ቅጹን ለማን ትስጥ የሚለው አልተመለሰም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ እሺ፣ ግርዛትስ? ባህል ነው፤ ያስገረዙንም እናቶቻችን ናቸው። ፈላስፋዋ በሰው ባህል ምን አገባት?

መምህርት፦ ሸርዊን ራሷ ይህን ጠይቃለች፤ በ1992ቱ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ በዚሁ ላይ ነው። ባህልን አትንቅም፤ ሥነ ምግባር ከማኅበረሰብ ስምምነት ይመነጫል የሚለውንም አሳብ በከፊል ትቀበላለች። የምትጠይቀው ስምምነቱ እንዴት ተደረሰ ብላ ነው። ሴቶቹ ጉዳቱን አውቀው፣ ባል አጣለሁ ብለው ሳይፈሩ «አይሆንም» ማለት ይችሉ ነበር? ካልቻሉ ማኅበረሰቡ ተስማማ አይባልም፤ ዝም እንዲሉ የተደረጉትን ሳይጨምር ተቆጠረ እንጂ። እናቶቻችን ያስገረዙን ስለሚጠሉን አይደለም። ያልተገረዘች አታገባም በሚባልበት አገር ለልጃቸው የሚበጀውን ያሰቡ ናቸው። ነርሷ የነገረችንም እናት ከዚህ አትለይም፤ የተሰጣት መንገድ ጠባብ ነው። ደግሞም ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ይከለክላል።

አንድ አባል፦ የሰፈራችን ልጅ፣ ያቺ ፋርማሲ የምትሠራዋ፣ ልጅ አልወልድ ብላ

መምህርት፦ አቁም። ይህን አጥፋው። መጀመሪያ ያልኩትን ሳታነብ አትጻፍ።

ስለ መካንነት ልትጠይቅ ከነበረ ግን ልመልስልህ። ከሰውነት ውጭ በሚደረግ ፅንሰት የመጀመሪያዋ ልጅ በ1978 እንግሊዝ ተወለደች፤ ሸርዊን በ1980ዎቹ ቴክኖሎጂውን ተችታለች። ልጅ የምትፈልገዋን ሴት አልኮነነችም። የተቸችው ማን ይታከም የሚለውን ሌሎች መወሰናቸውን፣ ደግሞም ሴት ያለ ልጅ ምንም አይደለችም የሚለው አመለካከት ሳይነካ መቅረቱን ነው። በጊዜው ያልታከመ ኢንፌክሽን ስንቷን የማህፀን ቱቦዋን ዘግቶ መካን እንደሚያደርግ አዋላጆች እናውቃለን። እሱን መከላከል ከላቦራቶሪው ይቀድማል፤ ወጪውም ያንሳል።

የጦሳ ልጅ፦ ስለ ውርጃስ?

መምህርት፦ ሕጉን ከፈለግህ አንቀጽ 551ን አንብብ። ክርክሩን ዛሬ አልከፍተውም።

ጋሽ መሐመድ፦ እህቴ፣ ልጄ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ትማራለች፤ ትታ ፍልስፍና ልግባ እያለች ነው። እንጀራ ይወጣዋል?

መምህርት፦ ጋሼ፣ የጀመረችውን ትጨርስ። ፍልስፍና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ይሰጣል፤ አይሸሻትም። ሙያ ይዛ ብትገባ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር፦ አጠበብኩት፦ አውቶኖሚ፣ ራስን በራስ መወሰን የሚባለው፣ ብቻን መወሰን ነው?

መምህርት፦ ለሦስተኛ ጊዜ፦ አይደለም። ለነርሷ የመለስኩትን ከፍ ብለህ አንብብ።

ነርስ ከገራዶ፦ እትዬ፣ ነገ ማታ ተረኛ ነኝ። ቅጹን መቀየር አልችልም። ምን ላድርግ?

መምህርት፦ ቅጹን ተዪው። አስታማሚዎቹን ለአምስት ደቂቃ አስወጪና ምጡ ፋታ ሲሰጣት ከአልጋው አጠገብ ቁጭ በይ፤ ቆመሽ ቁልቁል አታናግሪያት። «ምን እንደሚደረግልሽ ነግረውሻል?» በያት፤ በራሷ አነጋገር መልሳ ትንገርሽ። ካልቻለች ገና አልተነገራትም ማለት ነው፤ ሐኪሙን ጥሪው። ቀጥለሽ «ከመጡት ውስጥ ማን አጠገብሽ ቢሆን ትወጃለሽ?» በያት። ያለችሽን ሰው አስገቢ፣ ሴትም ብትሆን፣ ጥበቃው ቢያጉረመርምም። ከዚያ በኋላ መልሷን ስሚ። ከተስማማች አውራ ጣቷን ራሷ ታሳርፍ፤ ባልየውም ከፈለገ ከጎኗ ይፈርም። የነገረችሽንም ካርዷ ላይ ጻፊው፤ ጠዋት የሚረከብሽ ተረኛ እንዲያነበው።