ከሰል ወይስ ጋዝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለግቢያችን የሥጋ መጥበሻ ምድጃ ልንገዛ ነው። ቤተሰቡ 6 ነን፤ በእረፍት ቀን ብቻ ሳይሆን በሥራ ቀን ማታም መጥበስ እንፈልጋለን። ባለቤቴ የጋዙን ይመርጣል። እኔ ግን በጋዝ የተጠበሰ ሥጋ የጭስ ጣዕም የለውም ሲባል ስለሰማሁ አመነታሁ። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ በሥራ ቀን ማታም የሚጠብሱ ከሆነ የጋዙን ይግዙ። ከሰል ተቀጣጥሎ ላዩ አመድ እስኪለብስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ምግቡ ካለቀ በኋላም ፍሙ ለሰዓታት ስለማይጠፋ ጥሎ መግባት አይቻልም። የጋዝ ምድጃ ክዳኑ ተዘግቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይግላል።

ስለ ጣዕሙ የሰሙት ግማሹ እውነት ነው። በደንብ የቀላ ከሰል በራሱ ብዙ ጣዕም አይሰጥም። ያ የምንወደው የጥብስ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ስቡ የጋለ ነገር ላይ ተንጠባጥቦ ሲጨስ ነው። ስለዚህ ምድጃው ከእሳቱ መስመሮች (ጋዙ ከሚነድባቸው ቱቦዎች) በላይ ግራና ቀኝ ያዘነበለ የብረት ሽፋን እንዳለው ይዩ፤ ስቡ እዚያ ላይ ወርዶ ይጨሳል፣ የእሳቱ ቀዳዳዎችም አይደፈኑም። እንጨት ጨምሮ ሥጋን ለሰዓታት በቀስታ ማጨስ ለሚፈልግ ግን ከሰሉ ይበልጣል።

ከነዳጁ ዓይነት በላይ የሚያሳስበን ሙቀቱን መከፋፈል መቻሉ ነው። የየራሳቸው ቁልፍ ያላቸው ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 የእሳት መስመሮች ይኑሩት። የዶሮ ጭን ወይም ወፍራም ሥጋ እስከ መጨረሻው እሳት ላይ ከቆየ ውጭው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በአንድ ወገን እሳቱን ከፍ አድርገው እያንዳንዱን ገጽ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያቅሉ፤ ከዚያ እሳት ወደሌለበት ወገን አዛውረው ክዳኑን ይዝጉ። ዶሮ በስሏል የሚባለው ወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም፣ ቆርቆሮው የሳሳ ምድጃ ሙቀት ስለማይዝ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት።

ሲሊንደር በቀየሩ ቁጥር ቱቦውንና መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ ከተነፋ ጋዝ እያፈሰሰ ነውና ይዝጉት። ሲለኩሱ ክዳኑ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። እሳቱ እምቢ ካለ ጋዙን ዘግተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የተጠራቀመ ጋዝ ፊት ላይ ሊነድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የከሰል ምድጃዬ ክዳኑን ስዘጋው እሳቱ ይሞታል። ሥሩም በፍጥነት ዛገ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ከአመድ ነው። አመዱ የታችኛውን የአየር ቀዳዳ ሲደፍነው ከሰሉ አየር ያጣል። የታችኛውን ቀዳዳ ጠርገው ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ሙቀቱን በክዳኑ ቀዳዳ ያስተካክሉ እንጂ እየጠበሱ ሙሉ በሙሉ አይዝጉት። አመድ እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ አመድ ደግሞ ብረት ይበላል። ስለዚህ ፍሙ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ በማግስቱ ይድፉት። ዝናብ ቢመጣም ምድጃውን ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ አያስገቡ፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።